ሲያብብ ማሳየት፣ ሲደርስ መስጠት

የተከበራችሁ የአበባ አትክልተኞች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የብርዱ ወራት አልፈው፣ ከየጓሯችን የቀጠፍነውን ይዘን እንደገና በአንድ ጣሪያ ሥር ለመገናኘት በመብቃታችን የተሰማኝን ደስታ በመግለጽ ልጀምር። ወደዚህ መድረክ ከመውጣቴ በፊት በጠረጴዛዎቹ መካከል ቀስ እያልኩ ስዘዋወር ሁለት ነገር አስተዋልኩ። የመጀመሪያው፣ ቱሊፕ ያመጡት ሰዎች ብዙ ቢሆኑም አንዱ ከሌላው ጋር የማይመሳሰል መሆኑ ነው፤ የአንዱ ጠርዝ እንደ ዘርፍ የተሰነጣጠቀ ሲሆን የሌላው እንደ እንቁላል ለስልሶ የተዘጋ ነው። ሁለተኛው፣ በየጠረጴዛው ዙሪያ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ ነው፤ «ከዚህኛው ለእኔም ያካፍሉኛል?» የሚለው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ጥያቄ ነው። መልሱ ሁልጊዜ «እሺ» እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ሆኖም የፀደይ አበባን በሚመለከት ትክክለኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «እሺ፣ ጊዜው ሲደርስ» የሚል ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ በተክሉ ውስጥ ነው። ቱሊፕን፣ ዳፎዲልንና ክሮከስን የመሳሰሉ፣ ከመሬት በታች ስንቃቸውን የሚያከማች፣ እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ ያላቸው ተክሎች በፀደይ የሚያሳዩን አበባ ያለፈው ዓመት የድካም ፍሬ ነው። ቅጠሉ አምና ከፀሐይ የሰበሰበውን ምግብ በራሱ ውስጥ አስቀምጦ ብርዱን ተኝቶ ያሳለፈው ተክል፣ በሚያብብበት ሰሞን ያን ስንቁን አሟጥጦ ይጠቀምበታል። የቱሊፕ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ የተከልነው ራስ አብቦ ሲያበቃ መንምኖ ያልቅና ከጎኑ የበቀሉት አዳዲስ ልጆች ቦታውን ይወርሳሉ። ስለዚህ አበባው ከረገፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ ማለትም እኛ ጓሮው ተዝረከረከ ብለን ቅጠሉን ለመቁረጥ የምንቸኩልባቸው ሳምንታት፣ ለተክሉ ዋነኛ የሥራ ወቅቱ ናቸው። ቅጠሉ ቢያንስ ለ6 ሳምንታት ያህል ሳይቆረጥና ሳይታሰር ቆይቶ፣ በራሱ ጊዜ ቢጫ ሆኖ ሊተኛ ይገባዋል። በመልኩ ተማርከን እንዳበበ ነቅለን ለወዳጃችን ብንሰጥ፣ ስንቁ ያለቀበትን ተክል መስጠታችን ነውና በሚቀጥለው ፀደይ ወዳጃችን የሚያገኘው ሁለት ቀጫጭን ቅጠል ብቻ ሊሆን ይችላል።

በእርግጥ ሁሉም እንዲህ አይደሉም። ስኖውድሮፕ የሚባለው አንገቱን የደፋ ትንሽ ነጭ አበባ፣ ራሱ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ ስለሚጎዳ፣ አበባው እንዳለፈ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ቢከፈል ይሻለዋል። ዳሊያ ደግሞ የሚያብበው ዘግይቶ ስለሆነ ድንች መሰል ሥሩን ለመከፋፈል የሚመቸው አሁን፣ ዓይኖቹ አበጥ አበጥ ብለው ሲታዩ ነው፤ ዓይን የሌለው ቁራጭ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን አይበቅልምና ለሰው ከመስጠታችን በፊት በጣታችን ዳስሰን ማረጋገጥ ይኖርብናል። ፒዮኒ ግን ቅጠሉ እስኪደርቅ ድረስ መነካት አይወድም፤ ሲተከልም ዓይኖቹ ከአፈሩ ገጽ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከጠለቁ ለዓመታት ቅጠል ብቻ እያወጣ ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ አበባው ፊታችን በቆመበት በዚህ ሰዓት ማድረግ የምንችለው ምንድን ነው? ምልክት ማድረግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት ወዳጄ ጠርዙ ነጭ የሆነ ሐምራዊ ቱሊፕ ልሰጣት ቃል ገብቼላት ነበር። ቅጠሉ ሲደርቅ ቆፍሬ ያወጣኋቸው ራሶች ሁሉም ያው ቡናማ ልብስ የለበሱ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ነበሩና በግምት መርጬ ሰጠኋት። እሷም በጥንቃቄ ተክላ፣ የብርዱን ወራት በሙሉ ጠብቃ፣ በፀደይ ያበበላት ተራ ቀይ ሆነ። አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን የአንድ ዓመት ተስፋዋን እንደወሰድኩባት ዛሬም ይሰማኛል። ቱሊፕ በደንብ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚደርስ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ፣ እንዲህ ያለውን ስህተት በዚያው ዓመት ማረም አይቻልም። ከዚያ ወዲህ በአበባ ሰሞን ባለቀለም ክርና እርሳስ ሳልይዝ ወደ ጓሮ አልወጣም። የተጠየቅሁትን ተክል አገዳ ላላ አድርጌ በክር አስረዋለሁ፤ ከሥሩም የጠያቂውን ስም፣ የአበባውን ስምና የሚነሳበትን ጊዜ የጻፍኩበትን ትንሽ እንጨት እተክላለሁ። በእርሳስ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የብዕር ቀለም በዝናብና በፀሐይ ይጠፋል፣ የእርሳስ ጽሕፈት ግን ይቆያል።

ከሁሉም አብልጬ ስለማውቀው ስለ ጢማሙ አይሪስ ጥቂት በዝርዝር እንድናገር ፍቀዱልኝ። የዚህ አበባ ሥር እንደ ዝንጅብል እየተጋደመ በአፈሩ ገጽ ላይ ይሄዳል። በ3 ወይም በ4 ዓመት ውስጥ መሐሉ ያረጅና ማበቡን ያቆማል፤ ዙሪያው ግን በወጣት ቡቃያ ይሞላል። በዚህ ጊዜ መከፈል አለበት፤ ማካፈል ለአይሪስ ከቸርነትም በላይ ሕይወቱን ማደሻው ነው። አበባው ካበቃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ፣ ተክሉን በአካፋ ከሥሩ ፈንቅዬ አወጣና በተነጠፈ ጋዜጣ ላይ አሳርፈዋለሁ። አፈሩን አራግፌ በውኃ ሳጥበው የመሐሉ አሮጌ ክፍል እንደ ቡሽ ቀሎ፣ ሲጫኑት የሚሰረጉድ ሆኖ ይገኛል። የዳሩ ግን ጠንካራ ነው፤ ስለት ሲያርፍበት ቀጭ ይላል፣ ውስጡም እንደ ጥሬ ድንች የነጣ ነው። የሚያልሞሰሞስና ክፉ ሽታ ያለው ቦታ ካገኘሁ፣ መበስበስ የጀመረ ነውና ነጭ ሥጋ እስካገኝ ድረስ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ጤነኛውን ቁራጭ ከነሥሩና ከአንድ ዘለላ ቅጠሉ ጋር አስቀርቼ፣ ነፋስ እንዳያንገዳግደው ቅጠሉን በግማሽ እቆርጥለታለሁ፤ ቁስሉ እንዲደርቅም አንድ ቀን ጥላ ሥር አሳድረዋለሁ። ሲተከል ሥሩ መሬት ይይዛል፣ ጀርባው ግን ፀሐይ እንዲመታው ብቅ ማለት አለበት። አይሪስ ሰጥተን «አያብብም» ተብሎ ሲወቀስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ተቀባዩ ከፍቅር ብዛት አፈር ያለብሰዋል።

ይህን አበባ ዛሬ ላሳያችሁ የቻልኩት በማካፈሌ ነው። አንድ ዓመት ዝናቡ ሳያቋርጥ ቆይቶ የእኔ አይሪስ በሙሉ በስብሶ አለቀ። ከዚያ በፊት ግን አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ከዚሁ ተክል ሦስት ቁራጭ ወስደው ነበር። የደረሰብኝን ሲሰሙ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ፤ ጊዜው ሲደርስ በአሮጌ ቅርጫት አምስት ቁራጭ ይዘው በሬን አንኳኩ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በእያንዳንዱ ላይ ስሙን ጽፈው ነበር ያመጡልኝ።

በአንድ ጓሮ ብቻ ያለ ተክል ሁልጊዜ በአንድ ክፉ ወቅት እጅ ነው። የቀደሙት አትክልተኞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ካሮሉስ ክሉሲየስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1593 በኔዘርላንድ፣ በሌይደን ከተማ የዩኒቨርሲቲውን የዕፅዋት አጸድ ሊያደራጅ ሲመጣ የቱሊፕ ራሶችን ይዞ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ፀደይም አበቡ። ክሉሲየስ ዕድሜውን ሙሉ በአውሮፓ ከነበሩ አትክልተኞች ጋር ደብዳቤ ሲጻጻፍ፣ ራስና ዘር ሲቀባበል የኖረ ሰው ነው፤ ከአንድ ሺህ በላይ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። ከአጸዱ አበቦች ተሰርቀውበት አዝኖም ያውቃል። እሱ በ1609 ካረፈ በኋላ በዚያው አገር የቱሊፕ ራስ የንግድ ቁማር ሆኖ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ በየካቲት 1637 ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደቀ። እኔ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው ልቤ የሚያደላው ወደ ደብዳቤዎቹ ነው።

በዚያ ዘመን እጅግ ውድ የነበሩት በነጭ መደብ ላይ እንደ እሳት ነበልባል ቀይ መስመር የተረጨባቸው ቱሊፖች ነበሩ። መስመሩን የፈጠረው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1928 ዶሮቲ ኬይሊ በተባለች ተመራማሪ ጥናት ነው። በሽታው አበባውን ቢያስውብም የተክሉን ራስ ያዳክመዋል፣ ልጅ የማፍራት ኃይሉንም ይቀንሳል። ይህን የማነሳው፣ ተክል ስናካፍል በሽታም አብረን ልናካፍል ስለምንችል ነው። እኔ ራሴ ቅጠሉ ዝንጉርጉር ያለ ዳሊያ ማዳበሪያ ያነሰው መስሎኝ ለሰው ሰጥቼ፣ በዓመቱ የእሱ ዳሊያዎች በሙሉ ያን መልክ ይዘው አይቻለሁ። የቫይረስ መድኃኒት የለውም፤ ያለው አማራጭ ነቅሎ ማስወገድ ነበር፤ እሱም እንዲሁ አደረገ። አሁን የተጠራጠርኩትን ተክል አልሰጥም፤ ሥሩን ከአፈሩ አጥቤ እሰጣለሁ፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስሸጋገርም የመቁረጫዬን ስለት በ70 በመቶ አልኮል እወለውላለሁ። እንደዚሁም ጓሮአችንን አልፎ የሚስፋፋ ተክል ሲጠየቅ ባሕርዩን ሳይሸሽጉ መንገር ግዴታ ነው። እንቦጭ ሐይቅና ወንዝ ያለበሰው በመጀመሪያ ለአበባው ውበት ተብሎ ከአገር አገር ተወስዶ ነው።

በዘር ማካፈል ከሁሉም የቀለለና የራቀ መንገድ የሚሄድ ነው። ስዊት ፒ የተባለው መዓዛማ አበባ እንግሊዝ አገር የገባው እ.ኤ.አ. በ1699 ፍራንቼስኮ ኩፓኒ የተባለ የሲሲሊ መነኩሴ ለእንግሊዛዊው ሮበርት ዩቬዴል ዘሩን በላከለት ጊዜ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ሰው የላከው ዘር፣ ዛሬ በብዙ ቀለማት የምናውቀው አበባ መነሻ ሆነ። ስዊት ፒ እምቡጡ ሳይከፈት ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ዘሩ አብዛኛውን ጊዜ እናቱን መስሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ለሰው በእርግጠኝነት መስጠት ይቻላል። ዘሩን የያዘው ልባስ ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ፣ ተጠምዝዞ ሳይፈነዳ በፊት መልቀም፣ በወረቀት ፖስታ አድርጎ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ላስቲክ እርጥበት ስለሚያምቅ አይሆንም። ዘሩ አተር ቢመስልም የማይበላና መርዛም ስለሆነ ይህንንም በፖስታው ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ከተገዛ የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ የተለቀመ ዘር ግን ወላጁን ስለማይመስል፣ «ምን እንደሚወጣ አላውቅም» ብሎ መስጠት ይገባል።

ዛሬ ይዘነው ለምንሄደው የተቀጠፈ አበባም አንድ ሁለት ነገር ልበል። አበባ የሚቀጠፈው በማለዳ፣ ቱሊፕም ቀለሙ ብቅ ሲል ገና ሳይከፈት ነው። ዳፎዲል ሲቆረጥ የሚያወጣው ልጋግ ቱሊፕን ስለሚጎዳ፣ ለጥቂት ሰዓታት ለብቻው ውኃ ውስጥ አቆይታችሁ፣ አገዳውን ደግማችሁ ሳትቆርጡ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሉት። ድመት ላለው ቤት ሊሊ አትስጡ፤ የአበባው ብናኝ እንኳ ለድመት ገዳይ ነው።

በቀኝ በኩል ባለው የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰማያዊ አይሪስ የጎረቤቴ ቅርጫት ያስመለሰልኝ ነው። አጠገቡ ወረቀትና እርሳስ አስቀምጫለሁ። የምትፈልጉ ስማችሁን ጻፉ፤ አበባው አልፎ አምስት ሳምንት ሲሞላው ቆፍሬ፣ አጥቤና ቆርጬ ለእያንዳንዳችሁ አደርሳለሁ። ዘንድሮ ለአሥራ አራት ሰው የሚበቃ አለኝ።

አመሰግናለሁ።