ሄሊኮፕተሩ ለምን አልመጣም?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

እዚህ ሜሪላንድ በአምቡላንስ ላይ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ጭጋጋማ ሌሊት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ የተጨራመተ መኪና አጠገብ አንዲት እናት እጅጌዬን ጨምድደው ያዙኝ። ነጠላቸው በካፊያው ርሶ ትከሻቸው ላይ ተለጥፏል። «ልጄን በሄሊኮፕተር የማትወስዱት ድሃ ስለሆንን ነው?» አሉኝ። በአማርኛ ስመልስላቸው እጃቸው ላላ። ጥያቄያቸው ግን ከእኔ ጋር ቀረ፤ ከብዙዎቻችሁም ሰምቼዋለሁ።

ገንዘቡን ላስቀድም። እዚህ ግዛት ከአደጋ ቦታ ቁስለኛ የሚያነሡት በአብዛኛው የግዛቱ ፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ናቸው። ታካሚውን አያስከፍሉም፤ ለሥራቸው የሚውል ተጨማሪ ክፍያ መኪና ስናስመዘግብ ሁላችንም እንከፍላለን። የግል ኩባንያ ሄሊኮፕተር ሌላ ነው፤ ሂሳቡ በአስር ሺዎች ዶላር ሊቆጠር ይችላል። ከ2022 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ የጤና መድን ያለውን ሰው ከእንዲህ ያለ ያልታሰበ የአየር አምቡላንስ ዕዳ ይጠብቀዋል። በመሬት የሚሄደውን አምቡላንስ ግን ሕጉ አላካተተም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ገንዘብ ካልሆነ ታዲያ ምን ከለከለ? ሄሊኮፕተር በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ነገር ግን ሞተሩ ተነሥቶ እስኪደርስ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገድ ዘግተው ማረፊያ እስኪያዘጋጁ፣ ታካሚው ታስሮ እስኪጫን ደም መፍሰሱን አያቆምም። ስለዚህ በመኪና ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የአደጋ ሕክምና ማዕከል የሚደረስ ከሆነ በአየር መውሰዱ አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅምም። አደጋው በምሥራቁ የባሕር ወሽመጥ ማዶ ወይም በምዕራቡ ተራራ ሲሆን ግን ሄሊኮፕተሩ ነፍስ ያተርፋል።

አየር ላይ ሥራችንም ይከብዳል። ከጩኸቱ የተነሣ በማዳመጫ የሳንባ ድምፅ አይሰማም። ልቡ የቆመን ሰው ደረት በዚያ ጥበት መጫን አድካሚ ነው።

ጭጋግ ደግሞ አለ። በመስከረም 2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከመኪና አደጋ የተረፉ ሁለት ወጣት ሴቶችን የጫነ የግዛቱ ፖሊስ ሄሊኮፕተር በሌሊት፣ በመጥፎ አየር ወደቀ። ውስጡ ከነበሩት አምስት ሰዎች የተረፈችው አንዲት ወጣት ብቻ ናት። አብራሪውና የሕክምና ባልደረቦቹ ሰው ለማዳን ወጥተው አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ጉዳቱ ቀለል ላለ ታካሚ ሄሊኮፕተር ከመጠራቱ በፊት ሐኪም ይማከራል። እኔም በዚያች ሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ብዬ የመንገዱን መብራት እንኳ በቅጡ ማየት ሲያቅተኝ ያሰብኩት እነሱን ነበር።

መጓጓዣውን እኛ እንመርጣለን፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን በእናንተ እጅ ናቸው። 911 ስትደውሉ ከሁሉ በፊት ያላችሁበትን ቦታ ተናገሩ፦ የመንገዱን ስም፣ የመውጫውን ቁጥር። ቀጥሎ ራሱን የሳተ ወይም መኪና ውስጥ የተቀረቀረ ሰው እንዳለ ንገሯቸው። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉና ስልኩን ሳትዘጉ አስተርጓሚ ጠብቁ።

እኒያ እናት እንዲሁ አድርገው ነበር። የመውጫውን ቁጥር በትክክል ስለተናገሩ በጭጋጉ ውስጥ ሳንባዝን ደረስንላቸው፤ ልጃቸውንም በመኪና ወሰድነው፣ እሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው።