ሰርቨር ሰብሮ የገባ ወዴት ይሄዳል?

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ በተለይም ዘንድሮ የተቀላቀላችሁን ወጣቶች፦

አዘጋጆቹ ድረ ገጽን ከቤት ስለ ማስተናገድ ለጀማሪዎች እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ስለ ይለፍ ቃልና ስለ ማሻሻያ እንደማወራ ገምተው ይሆናል። እሱን በመጨረሻ እነካዋለሁ። ወደዚህ ያመጣኝ ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ ጀማሪ ሰርቨሩን፣ ማለትም ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበውን ኮምፒውተር፣ ለዓለም ከመክፈቱ በፊት፣ አንድ ቀን ሰብሮ የሚገባ ሰው ከዚያ ማሽን ተነሥቶ ወዴት ሊያልፍ እንደሚችል መጠየቅ አለበት።

ከመካከላችን አንድ ወጣት አለ፤ ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኛል። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ስርዓተ ክወናና ኤንጂንኤክስ የተባለውን የድረ ገጽ ማስተናገጃ ፕሮግራም ጭኖ የሰፈሩን እግር ኳስ ቡድን ውጤት የሚያሳይ ገጽ ሠራ። ገጹ ከውጭ አልከፈት ሲለው ምክር ጠየቀ፤ ከነባሮቹ አንዱም «ራውተሩ ላይ ዲኤምዜድ የሚለውን አብራውና ተገላገል» አለው። አበራው፤ ተከፈተለት። ቤቱ ሄጄ የመግቢያ ሙከራዎችን መዝገብ አብረን ስናይ፣ ሩት (በማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋና ተጠቃሚ)፣ አድሚን፣ ኡቡንቱ በሚሉ ስሞች ለመግባት የሚደረገው ሙከራ መስመር በመስመር ይወርድ ነበር። ልጁ በዚህ ደነገጠ። እኔ የደነገጥኩት ግን በእሱ ፈቃድ ከዚያው ላፕቶፕ ላይ የአባቱን የሱቅ ኮምፒውተር አድራሻ ስጽፍ ነው፤ የዱቤ መዝገቡ፣ ደረሰኙ፣ የእናቱ መታወቂያ ቅጂ ሳይቀር ያለ አንዳች ጥያቄ ተከፈተልኝ። የአጥሩ ካሜራም ከፋብሪካ በመጣበት የይለፍ ቃል አስገባኝ። ሚራይ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ካሜራዎችንና ራውተሮችን በገፍ የማረከው፣ እንዲህ ያሉ 60 ያህል የታወቁ የስምና የይለፍ ቃል ጥምረቶችን እየሞከረ ነበር።

በአብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ላይ ያ ዲኤምዜድ የተባለ አማራጭ የሚሠራው፣ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ በጅምላ ወደ አንድ ማሽን መምራት ብቻ ነው፤ ማሽኑ ከቀሩት የቤቱ ዕቃዎች ጋር በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ይቀራል። ሰርቪስ ቤቱን ለማናውቀው ሰው አከራይተን፣ ወደ ዋናው ቤት የሚያሻግረውን በር ሳንቆልፍ እንደ ማደር ነው። ይህን እያወቅን ለጀማሪ፣ ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን «ፋየርዎሉን አጥፋና ሞክር» እንላለን፤ የተጠለፈ ዕለት ደግሞ «ማን ግባ አለው?» ብለን እንስቃለን። ነውር ነው! ግባ ያልነው እኛ ነን፤ በሩንም ያስከፈትነው እኛው ነን!

መፍትሔው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ቪላን (VLAN) በሚባለው ስልት አንዱን ኔትወርክ ከፋፍሎ የሚለይ ስዊችና ራውተር ያለው በዚያ ይለይ፤ የሌለው ግን ሁለት ተራ ራውተሮች ይበቁታል። ሰርቨሩ ኢንተርኔት ከሚገባበት ከመጀመሪያው ራውተር ጋር ይያያዛል፤ የቤተሰቡ ስልክ፣ ኮምፒውተርና ካሜራ ሁሉ ከሁለተኛው ጀርባ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ ሞልተዋል፤ ከውስጠኛው ራውተር ጀርባ ያለ ማሽን ወደ ውጭኛው ኔትወርክ እንዳሻው ስለሚደውል፣ ሰርቨሩን ውስጥ አስገብቶ ቤተሰቡን ውጭ ያስቀረ ሰው የደከመው በከንቱ ነው። የመጀመሪያው ራውተር የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ይቀየር፣ ከውጭ ወደ ሰርቨሩ 80 እና 443 የተባሉት የድረ ገጽ ፖርቶች (የግንኙነት በሮች) ብቻ ይለፉ፣ ዋይፋዩም ይጥፋ፤ አለበለዚያ የቤቱ ሰው የለመደውን ስም አይቶ ተመልሶ ይገባበታል። ከዚያ ከሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ የአባታችሁን ኮምፒውተር ለመክፈት ሞክሩ፤ እንቢ ማለት አለበት።

«እኔ እኮ ሰርቨሩ ላይ ዩኤፍደብልዩ የተባለው የኡቡንቱ ፋየርዎል አለኝ» የምትሉ አላችሁ። መልካም፤ ነገር ግን በዚያ ማሽን ላይ ሩት የሆነ ሰው ያንኑ ፋየርዎል በአንድ ትእዛዝ ያጠፋዋል። ፕሮግራሞችን ለየብቻ ከልሎ የሚያስኬደውን ዶከርን የምትጠቀሙም፣ ዶከር የራሱን ደንብ ስለሚጽፍ ዩኤፍደብልዩ ዝግ ነው የሚላችሁ ፖርት ከውጭ ክፍት ሊሆን እንደሚችል እወቁ።

የቀረው አጭር ነው። ሰርቨሩን ከርቀት የምናዝበት ኤስኤስኤች በይለፍ ቃል ሳይሆን በቁልፍ ፋይል ብቻ ይሁን፣ የደኅንነት ማሻሻያ በራሱ ይጫን፣ መጠባበቂያ ቅጂው ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ።

ሁለት ራውተሮች ይዤ መጥቻለሁ፤ ላፕቶፕ የያዛችሁ ከሻይ በኋላ ቅሩና አብረን እናያይዛቸው። ለነባር አባላት ደግሞ ለውሳኔ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ፦ ከዛሬ ጀምሮ ለጀማሪ ፖርት ያስከፈተ አባል፣ ከሰርቨሩ ወደ ቤቱ ኮምፒውተሮች ማለፍ አለመቻሉን አብሮት ሳይሞክር እንዳይለየው። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።