«ወረቀት አላት» ሲባል፣ የትኛው ወረቀት?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሥራ ፈቃድ ካርድ]

አሜሪካ ውስጥ «እሷማ ወረቀት አላት» ሲባል ሰው እፎይ ይላል። ቆይ፣ የትኛው ወረቀት?

ይህን ካርድ ቀረብ ብለን እንየው። ስም አለው፣ ፎቶ አለው። ምድቡ ላይ «ሲ33» ይላል፤ ዳካ ማለት ነው፣ በልጅነታቸው የገቡ ሰዎችን ከመባረር ለጊዜው የሚያቆየው ፕሮግራም። ካርዱን የያዘችው ሴት በሕግ ትሠራለች፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ታወጣለች፣ ታክስ ትከፍላለች። ግሪን ካርድ ግን አይደለም። ቪዛም አይደለም። መንግሥት «ላባርርሽ እችላለሁ፤ ለጊዜው ትቼሻለሁ» ያለበት ነው።

[ምስል፦ ዓመቶች በተርታ]

ዳካ በፈረንጆቹ ጁን 2012 ሲጀመር ኮንግረስ ሕግ አላወጣም። መነሻው የአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስትሯ የጻፉት ማስታወሻ ነው። 16 ዓመት ሳይሞላቸው ለገቡ ልጆች፣ ለ2 ዓመት፣ በእድሳት።

በ2017 መንግሥት «ዳካ ይቁም» አለ። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ውሳኔውን ሻረው። ብዙ ሰው ያኔ «በቃ፣ ተረፍን» አለ። ፍርድ ቤቱ ያለው ግን ሌላ ነው፦ ማስቀረት ትችላላችሁ፣ ያስቀራችሁበት መንገድ ነው ያልተስተካከለው። ዳካን የማስቀረቱ በር አልተዘጋም ማለት ነው።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ]

አሁን ዋናው ነገር። ከ2021 ጀምሮ በቴክሳስ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ምክንያት የአዲስ አመልካቾች ፋይል አይጸድቅም፤ የሚያድሱት ናቸው የቀጠሉት። ካርዱ ካለቀ ዓመት ካለፈው ደግሞ እድሳት መሆኑ ይቀርና እንደ አዲስ ማመልከቻ ይቆጠራል። አያችሁት? «ገንዘብ ሳገኝ አስገባለሁ» ያለ ሰው ወረፋው ላይ ቆሞ ይቀራል። የዳካው ጊዜ ሲያልቅ ያለ ፈቃድ የመኖር ቀንም መቆጠር ይጀምራል። 180 ቀን አልፎ የወጣ ለ3 ዓመት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ሊታገድ ይችላል።

ጉዞስ? እናት ታማ ስልክ ሲደወል ልብ አይችልም። ግን ቀድሞ የሚሰጠው የመመለሻ ፈቃድ ሳይያዝ ከተወጣ ዳካውም አብሮ ይሄዳል። ፈቃዱ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም እንዲህ ላለ ሰብአዊ ምክንያት ይሰጣል። ተይዞም ቢሆን ኤርፖርት ያለው ኦፊሰር የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ይህን ጠበቃ ሳያማክሩ ትኬት መቁረጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ እብደት ነው።

[ምስል፦ የሥራ ቅጥር ቢሮ]

መብትም አለ፣ ሰው ግን አይጠቀምበትም። አሠሪ «ግሪን ካርድ ካላመጣሽ» ብሎ ማስገደድ አይችልም። ሕጉ ከዘረዘራቸው ሰነዶች የትኛውን እንደምታሳይ የምትመርጠው ሠራተኛዋ ናት። «ካርድሽ ከስድስት ወር በኋላ ያልቃል» ብሎ አለመቅጠርም ሕገወጥ መድልዎ ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ወይም የኢሚግሬሽን ሰው ቢያቆማት ዝም የማለት መብት አላት። ያልገባትን ወረቀት አትፈርም። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን መንግሥት ጠበቃ አያቆምላትም፤ ከራሷ ኪስ ነው።

[ምስል፦ ተመልሶ ካርዱ]

በሉ ካርዳችሁን አውጡ። ፊት ለፊቱ ላይ የሚያበቃበት ቀን አለ። ከዚያ ቀን 150 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩና ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ የእድሳት ፎርሙ ከዚያ ቀን አንስቶ 120 ቀን እስኪቀር ድረስ ይግባ።