«አራቱ ኮስታራ ዜማዎች»፦ የብራምስ የመጨረሻ ሊዶች

[ምስል፦ የዮሃንስ ብራምስ የእርጅና ዘመን ፎቶግራፍ]

ተራኪ፦ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሃንስ ብራምስ «አራት ኮስታራ ዜማዎች» የተሰኘውን ሥራውን ያጠናቀቀው በግንቦት 1896 እ.ኤ.አ.፣ 63 ዓመት በሞላው ሰሞን ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲደርሳቸው ከኖሩት ሊዶች፣ ማለትም ለድምፃዊና ለፒያኖ ከተዘጋጁ የጀርመንኛ የግጥም ዜማዎች፣ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። የልብ ወዳጁ ፒያኒስቷ ክላራ ሹማን በዚያው ወር ዐረፈች፤ እርሱም ዓመት ሳይሞላው ተከተላት። ስለዚህ ብዙ አድማጭ ስንብትን ይሰማባቸዋል፤ እኔን ግን ከሐዘኑ ይበልጥ የሚደንቀኝ ቁጠባው ነው።

ቃላቱ ግጥም አይደሉም። ሁለቱ ከመጽሐፈ መክብብ፣ ሦስተኛው ከመጽሐፈ ሲራክ፣ አራተኛው ከአንደኛ ቆሮንቶስ 13፣ ሁሉም በማርቲን ሉተር ትርጉም የተወሰዱ ናቸው። (ሉተር ሲራክን ከቀኖና ውጭ ቢያስቀምጠውም፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ትቆጥረዋለች።) ንባቡ ቤት የማይመታ በመሆኑ ዜማውም በየአንጓው የሚመለስ አዝማች የለውም፤ ቃሉን እየተከተለ ይሄዳል።

[ምስል፦ የሦስተኛው ዜማ ኖታ፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ድምፆች በቀለም ይለዩ]

ሦስተኛው ላይ እንቆይ። ሲራክ እንደሚለው ሞት በሀብቱ ተደላድሎ ለሚኖር ሰው መራራ ነው፤ ለደከመና ተስፋ ለቆረጠ ሽማግሌ ግን መልካም ነው። ብራምስ ለመራራው ሞት የሰጠው ሲ፣ ሶል፣ ሚ፣ ዶ እያለ በሦስተኛ ርቀት፣ ማለትም በየመካከሉ አንድ ድምፅ እየዘለለ፣ የሚወርድ መስመር ነው፤ በ1885 የጨረሰው አራተኛ ሲምፎኒውም የሚከፈተው በእነዚሁ ድምፆች ነው። ንባቡ ወደ መልካሙ ሞት ሲሻገር፣ ሐዘን የሚሰማበት ቅኝት ሚ ማይነር ወደ ብሩሁ ሚ ሜጀር ይለወጥና ያው ርቀት ይገለበጣል፦ ከሲ ወደ ሶል ይወርድ የነበረው ድምፅ አሁን ከዚያው ከሲ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ሶል ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ወዳለው ሶል) በስድስተኛ ርቀት ይወጣል። ደራሲው አዲስ ጭብጥ አላመጣም፤ በእጁ የነበረውን ወደ ላይ አዞረው።

[ምስል፦ የአራተኛው ዜማ መክፈቻ ገጽ]

ስለ ፍቅር የሚናገረው አራተኛው ዜማ በሚ ፍላት ሜጀር፣ በደመቀ ፒያኖ ሲነሣ ከሦስቱ ጋር የማይገጥም ይመስላል፤ ለእኔም ጅማሬው ጮክ ይልብኛል። በመስታወት እንደምናይ የሚናገረው ስፍራ ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ይረግብና ዜማው ሰፋ ብሎ ይዘረጋል። ለአራቱም ዜማዎች ከተመረጡት ጥቅሶች በአንዱም የክርስቶስ ስም አይነሣም፤ ብራምስ በ1860ዎቹ በደረሰው «የጀርመን ሬክዊየም» በተሰኘው የሙታን መታሰቢያ ሙዚቃ ውስጥም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ነበር።