ሲሲሊያን ሲገጥምህ አትቸኩል፦ የቼዝ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ ፒያሳ የደወለ ወጣት)፦ ነጭ ይዤ ሲሲሊያን (ኢ4 ስገፋ ጥቁሩ ሲ5 ብሎ የሚመልስበት አጀማመር፤ ፊደሉ የቤቱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል) ሲመጣብኝ ወታደሮቼን በሙሉ በንጉሡ ላይ እነዳለሁ። ሃያ እርምጃ ሳይሞላ ግን የኔው ንጉሥ ተራቁቶ ይገኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽር ወንድምዓለም፣ ሲሲሊያን የሚጫወት ሰው የሚፈልገው መቸኮልህን ነው። ወታደሮችህ ሲርቁ በሲ መስመር መጥቶ ይመታሃል። ንጉሡን ለጊዜው ተወውና ዲ5ን ተመልከት። ጥቁሩ የሲ ወታደሩን በዲ ወታደርህ ለውጦ ኋላ ኢ5 ከገፋ፣ ያችን ቤት በወታደር መጠበቅ አይችልም፤ ዲ6 ላይ ያለው ወታደሩም ደጋፊ ያጣል። ቤቷ ለፈረስህ ናት። ግን ዘለህ አትግባ። መጀመሪያ ጠባቂዎቿን አስወግድ፦ ኤፍ6 ላይ ያለውን ፈረስና በነጭ ቤት የሚሄደውን ቢሾፕ።

ኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የሶቪየቱ ስሚስሎቭ ነጭ ይዞ በ1945 ሞስኮ ላይ ሩዳኮቭስኪን ያሸነፈበትን ጨዋታ ደርድረህ እየው። ኤፍ5 ገፋ፤ ኢ6 ላይ የነበረው የጥቁሩ ቢሾፕ ወደ ሲ4 ሄደ፣ እዚያው ተለዋወጡ። ከዚያ ስሚስሎቭ ሌላውን ቢሾፑን ጂ5 አወጣና ኤፍ6 ላይ ያለውን ፈረስ በላበት። በ17ኛው እርምጃ የስሚስሎቭ ፈረስ ዲ5 ላይ ተቀመጠ፣ የጥቁሩ ቢሾፕ ደግሞ በገዛ ወታደሮቹ ታፍኖ ቀረ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው፦ ሲ3፣ ከዚያ ቢ3። ሁለት ትንንሽ የወታደር እርምጃ፣ በቃ! የሰውየውን መፈናፈኛ ዘግቶ ነው ወደ ንጉሡ የዞረው። 30 እርምጃ እንኳ አልሞላም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ልጇን ቼዝ የምታስተምር እናት)፦ ጥቁሩ ኢ5 ሳይገፋ ጂ6 ቢጫወትስ?

መልስ፦ ጎሽ እትዓለም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የጥቁሩ ፈረስ ኤፍ6 ወጥቶ ኢ4ን ሳያጠቃ ጂ6 ከመጣ፣ የሲ ወታደርሽን ሲ4 አድርጊው። ሲ4 እና ኢ4 ጎን ለጎን ሲቆሙ ጥቁሩ ዲ5 መግፋት ይቸግረዋል። ይሄ በሃንጋሪያዊው ተጫዋች በማሮትሲ ስም የማሮትሲ አሰላለፍ ይባላል። ፈረሱ ቀድሞ ከወጣ ግን ፈረስሽን ሲ3 አውጥተሽ ኢ4ን ጠብቂ። ልጁ ትዕግሥት እንዲማር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በአምስት ደቂቃ ጨዋታስ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፣ እንዲያውም ሰዓት ይቆጥባል፤ የታፈነ ሰው ነው ብዙ የሚያስበው። ብቻ ዲ5 ላይ ያስቀመጥከውን ፈረስ በዚያ በታፈነ ቢሾፕ እንዳትለውጠው።