ባረሉ ስንት ኪሎ ይሁን? ለአጋዘን አደን የባልጩት ጠመንጃ ስንመርጥ

ሰላም፦ እሺ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ እኔ ጠመንጃ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጋሽ ዳዊትን በስልክ ስጨቀጭቃቸው ስለከረምኩ፣ መቅረጫው በርቶ ብናወራው ይሻላል አሉኝ።

ጋሽ ዳዊት፦ እዚያው ለዚያው ሌላውም ይሰማዋላ። በይ ጠይቂ።

ሰላም፦ ለአዲስ አድማጮቻችን፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ለአደን ግን ፔንሲልቬኒያ እንወጣለን። እዚያ ከፈረንጆች ገና ማግስት ጀምሮ የሚከፈት የአጋዘን ወቅት አለ፣ በባልጩት ጠመንጃ ብቻ። ባሩዱም አረሩም በአፈሙዝ የሚጎርስ፣ ቃታው ላይ ድንጋይ የታሰረበት፣ አንዴ ተኩሰው እንደገና እስኪያጎርሱት አጋዘኑ ሌላ ቀበሌ የሚደርስበት ጠመንጃ።

ጋሽ ዳዊት፦ ወቅቱ ደግሞ ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ያደንሽውን ፍሪዘር ትከቺና ታኅሣሥ 29 ታወጪዋለሽ። ምን ይሻላል!

ሰላም፦ ባለቤትዎ ፍሪዘሩ ውስጥ ቦታ ከሰጡ። ለማንኛውም፣ ጠመንጃውን የሚሠራልኝ ባለሙያ የምሞላው ቅጽ ላከልኝ። ካሊበር ይላል (የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በኢንች መቶኛ)፣ ርዝመት ይላል፣ ከዚያ የባረል ክብደት። ባረል ስንል ረጅሙን የብረት ቧንቧ ነው። እኔ «ከባድ» ብዬ ልሞላው ነበር። ከባድ ባረል አይስትም ይባላል አይደል?

ጋሽ ዳዊት፦ ማነው ያለሽ? ይሄ ወሬ የመጣው ከኢላማ ተኳሾች ነው። እነሱ ከመኪና አውርደው ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉታል። ቀኑን ሙሉ ስለሚተኩሱ ቀጭን ባረል ይግላል፣ ሲግል አረሩ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። አንቺ ጫካ ለጫካ ስትዞሪ ውለሽ ዕድል ከቀናሽ አንዴ ነው የምትተኩሺው፣ እሱም በቀዝቃዛ ባረል። ሙቀቱ አንቺን አይመለከትም። ክብደት የሚጠቅምሽ ለሌላ ነገር ነው፣ እጅሽ ውስጥ እንዳይወዛወዝ። ይሄና «አይስትም» የሚለው አንድ አይደሉም።

ሰላም፦ ግን በሚሊሜትር ደረጃ የሚለያይ ነገር ያን ያህል ክብደት ያመጣል እንዴ?

ጋሽ ዳዊት፦ አስልቼልሻለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው። ስምንት ማዕዘን ባረል፣ ከጫፍ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው፣ ርዝመቱ 42 ኢንች፣ ካሊበር 50። ውፍረቱ ከጎን እስከ ጎን 13/16 ኢንች ከሆነ 1.9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 15/16 ስታደርጊው 2.9 ኪሎ። ሙሉ አንድ ኢንች ስታደርጊው 3.4። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው የውፍረት ልዩነት አምስት ሚሊሜትር አይሞላም፣ የክብደቱ ግን አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ይሄ ባረሉ ለብቻው ነው ታዲያ። እንጨቱ፣ መተኮሻው፣ ሰደፉ ላይ ያለው ናስ ሁሉ ገና አልተጨመረም።

ሰላም፦ ስለዚህ የ15/16ቱ ሲገጣጠም ከ4 ኪሎ ሊያልፍ ነው።

ጋሽ ዳዊት፦ ያልፋል። ደግሞ ብዙ ሰው የሚሸወድበት አንድ ነገር አለ። ካሊበሩ ሲተልቅ ጠመንጃው የሚከብድ ይመስለዋል። ውጪያዊ ውፍረቱ ካልተነካ ግን ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ብረቱ ይቀንሳል። ያንኑ 42 ኢንች፣ ያንኑ 15/16 ብትወስጂ፣ ካሊበር 45 የሆነው 3.1 ኪሎ ነው፣ ካሊበር 54 የሆነው 2.7። በትንሽ አረር አጋዘን የሚያድነው ሰውዬ ነው ተጨማሪውን ብረት ተሸክሞ የሚዞረው!

ሰላም፦ አይ! በጭራሽ እንደዚያ አስቤው አላውቅም። ታዲያ 54 ልውሰድና ይቅለለኛ።

ጋሽ ዳዊት፦ ቆይ። የ54ቱ አረር 14 ግራም ተኩል ነው፣ የ45ቱ 8 ግራም ከምናምን። ከባዱን አረር በቀላል ጠመንጃ ስትገፊው ሰደፉ ትከሻሽ ላይ ይነግርሻል። አንዴ ትከሻሽን ከመታሽ ደግሞ በሚቀጥለው ምላጩን ስትስቢ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ለነጭ ጭራ አጋዘን 50 ይበቃል፣ 11 ግራም ተኩል ገደማ ንጹሕ እርሳስ ነው። በዚያ ጫካ ከ70 እና ከ80 ሜትር በላይ መተኮስ የለብሽም፣ ድቡልቡል አረር ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል።

ሰላም፦ ታዲያ 50 ይሁን ብለን፣ በጣም ቀላሉን 13/16 ብወስድስ? ቀኑን ሙሉ በበረዶ ነው የምንሄደው። ባለፈው ዓመት ግማሹ ቡድን አጋዘኖቹን ከታች እየነዳ፣ እኛ ከላይ ስንጠብቅ፣ ከዚያ ደግሞ ተቀያይረን ዳገቱን ስንወጣ ነው የዋልነው። የተዋስኩት ጠመንጃ ዘነዘና ነበር። ከሰዓት በኋላ ክንዴ የእኔ አልነበረም።

ጋሽ ዳዊት፦ የባልጩት ጠመንጃ መሆኑን አትርሺ። ምላጩን ስትስቢ ወዲያው አይተኩስም። ድንጋዩ ብረቱን ይመታል፣ ብልጭታው ውጪ ያለችውን ትንሽ ባሩድ ያቀጣጥላል፣ እሳቱ በቀዳዳዋ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ይለኩሳል። አጭር ጊዜ ናት፣ ግን ታውቂያታለሽ። በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ያነጣጠርሽበት ላይ መቆየት አለበት። ጫፉ በጣም የቀለለ ጠመንጃ የልብ ምትሽንም ይቆጥራል፣ በተለይ ዳገት ወጥተሽ ቁና ቁና እየተነፈስሽ ከሆነ። ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት ያለው ግን ካነጣጠርሽበት ቶሎ አይነቃነቅም።

ሰላም፦ ከበደ ይደክመኛል፣ ቀለለ ይወዛወዝብኛል። ታዲያ ምን ይሻለኛል?

ጋሽ ዳዊት፦ «ስንት ኪሎ» የሚለውን ተይውና ክብደቱ የት ጋ እንዳለ ጠይቂ። አንድ ወጥ የሆነው ባረል ችግሩ ብረቱን ሁሉም ቦታ እኩል ማስቀመጡ ነው። ባሩዱ የሚፈነዳው በስተኋላ፣ ሰደፉ በኩል ነው፣ ግፊቱም እዚያ ነው ትልቅ የሚሆነው። ወደ አፈሙዙ ሲሄድ ያን ያህል ውፍረት አያስፈልግም። የድሮዎቹ የፔንሲልቬኒያ ጠመንጃ ሠሪዎች ይሄን ያውቁ ነበር። በ1700ዎቹ ላንካስተር አካባቢ የሰፈሩት ጀርመኖች ይዘውት የመጡት አጭርና ወፍራም ጠመንጃ ነበር። እያደር ባረሉን አስረዘሙት፣ ካሊበሩን አሳነሱት፣ ባረሉንም ወገበ ቀጭን አደረጉት። ከኋላ ወፍራም ነው፣ ወደፊት እየሰለለ ይሄድና አፈሙዙ ጋ ሲደርስ መልሶ ትንሽ ይሰፋል።

ሰላም፦ ሙዚየም ውስጥ ሳይ ለውበት ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ዳዊት፦ ውበቱ ትርፍ ነው። ቅጥነቱ ክብደት ይቀንስልሻል፣ ጫፉ ላይ የቀረችው ብረት ደግሞ ለማነጣጠር የምትፈልጊያትን ያህል ታስቀርልሻለች። በእጅሽ ስትይዢው ሚዛኑ ግራ እጅሽ ላይ ያርፋል። ማነጣጠሪያዋ የምትሰካበት ቦታም በቂ ብረት ይኖረዋል። በ13/16 ወጥ ባረል ላይ ካሊበር 50 ስትበሺ ግድግዳው 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚቀረው። እዚያ ላይ ለማነጣጠሪያ ጎድጎድ አድርጎ የሚቆርጥ እጁን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ሰላም፦ ግን ሃውከን የሚባለው ጠመንጃስ? ሁሉም ሃውከን ሃውከን ይላል። እሱ እኮ ከባድ ነው።

ጋሽ ዳዊት፦ የሃውከን ወንድማማቾች ሴንት ሉዊስ ነበር የሚሠሩት፣ ወደ ሮኪ ተራሮች ለሚወጡ ወጥመደኞች። እነዚያ ሰዎች ፈረስ አላቸው። ብዙ ባሩድ ያጎርሱታል፣ ጎሽና ድብ ይመቱበታል። ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ ቢመዝን ፈረሱ ምን ቸገረው? አንቺ ፈረስ ካለሽ ሃውከን ግዢ።

ሰላም፦ ፓርኪንግ እንኳን የለኝም እንኳን ፈረስ! እሺ እኔም ልከራከር። ውጅግራም እኮ 4 ኪሎ ያልፋል፣ እሱም አንድ ጥይት ነው የሚጎርሰው። አያቶቻችን ተሸክመውት አድዋ ድረስ በእግራቸው ሄደዋል።

ጋሽ ዳዊት፦ ሄደዋላ። ግን እሱ ለጦር ሠራዊት የተሠራ ነው፣ ጫፉ ላይ ሳንጃ ይሰካበታል። አጋዘኑን በሳንጃ ልትገጥሚው ነው? ደግሞ አያትሽ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኮምፒውተር ሲያዩ አይውሉም ነበር።

ሰላም፦ ተሸነፍኩ። ቅጹ ላይ ታዲያ ወገበ ቀጭኖቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እየተባሉ ተዘርዝረዋል። ዋጋቸው ከወጡ ይበልጣል።

ጋሽ ዳዊት፦ ኤ ቀላሉ፣ ዲ ከባዱ ነው። ለካሊበር 50 ሰዎች የሚያወሩት ስለ ቢ እና ስለ ሲ ነው። ለአንቺ ቢ። ዋጋውን በተመለከተ፣ ባሩድ መያዣው ቀንድ ላይ ቆጥቢ፣ ናሱ ላይ ያለው ቅርጻ ቅርጽ ይቅርብሽ፣ ባረሉ ላይ ግን አትቆጥቢ። በኋላ እንጨቱን መሞረድ ይቻላል፣ ሰደፉን ማሳጠር ይቻላል። ባረሉን ከቀየርሽ ግን እንጨቱም አብሮ ይቀየራል፣ የተፈለፈለው ለእሱ ነዋ።

ሰላም፦ ሳልገዛ መሞከሪያ መንገድ አለ?

ጋሽ ዳዊት፦ አለ። ቅዳሜ እኔ ቤት ነይና ሁለቱን አወጣልሻለሁ፣ ወጡንም ወገበ ቀጭኑንም። ባዶ መሆናቸውን ዘንጉን እስከ ታች ከትተን እናረጋግጣለን። ከዚያ ደረጃውን ሁለት ሦስቴ ሮጠሽ ትወጪና ሳታርፊ ቆመሽ ግድግዳው ላይ ያለች ነጥብ ላይ ታነጣጥሪያለሽ። አጋዘን ከግንድ ጀርባ ቆሞ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ሲያይሽ ጠመንጃውን ማውረድ አትችዪም፣ እንደያዝሽው ነው የምትጠብቂው። አንድ ደቂቃ ያዢው። ማነጣጠሪያው እየዞረ ነው ወይስ ቀስ እያለ ወደ ታች እየወረደ? ከዞረ ቀሎሻል፣ ከወረደ ከብዶሻል። ጓንትና ወፍራም ጃኬት ለብሰሽ ነይ ታዲያ፣ በቲሸርት የተለካ ጠመንጃ ጥር ላይ ሌላ ነው።

ሰላም፦ ርዝመቱንስ? 42 ነው 38?

ጋሽ ዳዊት፦ ቁመትሽ ስንት ነው?

ሰላም፦ አንድ ሜትር ከስልሳ።

ጋሽ ዳዊት፦ 38። ቆመሽ በአፈሙዙ ስታጎርሺ ክንድሽ ከአፍሽ በላይ መውጣት የለበትም፣ ፊትሽንም ከአፈሙዙ ማራቅ አለብሽ። ክብደቱም በዚያው ትንሽ ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን ጻፊ፦ ባለሙያውን «ቢ» ብለሽ ብቻ አትዘዢ። የአንዱ ሠሪ ቢ የሌላው ቢ አይደለም። ካሊበር 50፣ 38 ኢንች፣ ባረሉ ለብቻው በሚዛን ስንት ይመጣል ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂው።

ሰላም፦ አሁኑኑ እጽፍለታለሁ። ከሁለት ኪሎ ብዙ ካለፈስ?

ጋሽ ዳዊት፦ ያኔ ደውይልኝ። መቅረጫው ሳይበራ።