የሚከፈለኝ ለምኔ ነው?

እንደምን ናችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም። የማወራው ስለ ገንዘብ ነው። በራሴ ጊዜ መርምሬ፣ በራሴ ስም ጽፌ ኢንተርኔት ላይ ከማወጣው ነገር ስለማገኘው ገንዘብ።

የመጀመሪያዋን 5 ዶላር ያገኘሁበትን ቀን ልንገራችሁ። ስልኬ ጮኸ። አዲስ ከፋይ ደንበኛ መጣልህ ይላል። ዘመድ ይሆናል ብዬ ስሙን አየሁት። አላውቀውም! የማላውቀው ሰው ከኪሱ አውጥቶ ከፈለኝ። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ከዚያ ሒሳቡን ከፈትኩ። የምጽፍበት ድረ ገጽ፣ ሰብስታክ፣ 10 በመቶ ይወስዳል፤ 50 ሳንቲም ሄደች። ክፍያውን የሚያስተላልፈው ስትራይፕ ደግሞ በአሜሪካ ተመኑ 2.9 በመቶ፣ በላዩ ላይ 30 ሳንቲም ይቆርጣል። በየወሩ ለሚደጋገም ክፍያም ሌላ ትንሽዬ ነገር አለች። እጄ የገባው 4 ዶላር ገደማ ነው። ነገረኛዋ ያቺ 30 ሳንቲም ናት። 5 ዶላርም ይከፈል 50፣ እሷ ያው ናት። በየወሩ ስትቆረጥ በዓመት 3 ዶላር ከ60 ትሆናለች። የዓመቱ ባንዴ ከተከፈለ ግን አንዴ ብቻ ነው የምትነካችሁ። ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የዓመት ክፍያን አማራጭ ከመጀመሪያው ቀን አስቀምጡ። እኔ ዘግይቼ ነው የነቃሁት።

እሺ። ይሄ ቀላሉ ነው። ሒሳብ ነው።

ከባዱ የመጣው በኋላ ነው። አራት ወር የፈጀብኝ አንድ ጽሑፍ ነበር። ሰነድ ለቅሜ፣ ቁጥር አመሳክሬ፣ ሰው ጠይቄ። 2 አዲስ ከፋይ አመጣ። በሌላ ቀን ተናድጄ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሞነጫጭሬ የለቀቅኳት ደግሞ 11 ሰው አመጣች። ታዲያ ሰው የሚከፍለኝ ለምርምሬ ነው ወይስ ለንዴቴ? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ጋ ስቀመጥ እጄ የሚሄደው ወደ ንዴቱ ነዋ።

የቀን መቁጠሪያው ነገርም አለ። ገንዘቡ በየወሩ ይቆረጣል፣ ምርምር ግን ወር አያውቅም። አንድ ጊዜ አምስት ሳምንት ጠፋሁ። አንድ አንባቢ ጻፈልኝ፤ «ደህና ነህ ወይ? ገንዘቡ ግን እየተቆረጠ ነው።» ሳቄም መጣ፣ አፈርኩም። አንድ የቆየ ሰነድ እያሳደድኩ ነበር። በመጨረሻ አገኘሁት፤ የምፈልገው ነገር ውስጡ የለም። ይሄም እኮ ሥራ ነው። የለም ማለት መቻልም ሥራ ነው። ግን «አምስት ሳምንት ፈልጌ ባዶ እጄን ተመለስኩ» ተብሎ ሰው ገንዘብ ይጠየቃል? አልደፈርኩም። ማሟያ መጻፍ ጀመርኩ። የሳምንቱን ወሬ፣ ትንሽ አስተያየት፣ ሊንክ ምናምን። እየጻፍኩት ራሴን ይሰለቸኝ ነበር።

ችግሩ አዲስ አይደለም። አሌክሳንደር ፖፕ የሚባለው እንግሊዛዊ ገጣሚ የሆሜርን የግሪክ ግጥም፣ ኢሊያድን፣ ሲተረጉም ቀድመው ከተመዘገቡ 575 ገደማ ሰዎች ገንዘብ እየተቀበለ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1715 እስከ 1720 ድረስ 6 ቅጽ አወጣ። ሀብታም አድርጎታል። ግን ሥራውን ሲጀምር ከክብደቱ የተነሳ በህልሙ ሳይቀር ይመጣበት እንደነበር ለወዳጁ አውርቷል። ይሄን ሳነብ እንዴት ቀለል እንዳለኝ!

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥሩ ጥሩዎቹን ጽሑፎች ለከፋይ ብቻ ዘግቻቸው ነበር። አንደኛው ስምንት ወር ተዘግቶ ቆየ። 40 የሚሆኑ ሰዎች ከፍለው አንብበውታል፤ አመስግነውኛልም። አንድ ሳምንት ለሁሉም ልክፈተው አልኩ፣ እንዲሁ ለማስተዋወቅ። በሁለተኛው ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ጻፈ። ሰላምታ እንኳን የለውም። «ሠንጠረዡ ራስጌ ላይ ‹በሺህ› የሚለውን አላየኸውም» ይላል። ሄጄ ፋይሉን ከፈትኩ። አለ። በትንሽ ፊደል፣ በቅንፍ፣ ቀኝ ጥግ ላይ። ቁጥሩን ሁሉ በሺህ እጥፍ አሳንሼ ነው የጻፍኩት። ስምንት ወር ሙሉ!

የሚከፍለኝ ሰው ስለሚወደኝ ያምነኛል፤ ስለሚያምነኝም አያጣራኝም። የሚያርመኝ ሰው ደግሞ ጭራሽ አያውቀኝም፣ እኔን ለማንበብ ካርድ አያወጣም። እኔ ደጁን የዘጋሁት እሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ከፈትኩት። እርማቱን ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር አስቀመጥኩ። የወር ክፍያውንም ተውኩት። ፔትሪዮን የሚባለው፣ ሰው ለሚወደው ሠሪ ገንዘብ የሚልክበት ድረ ገጽ፣ በአውሮፓውያን 2013 ሲጀመር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ጃክ ኮንቴ ሙዚቀኛ ስለሆነ፣ ክፍያው በሥራ ብዛት ነበር። ሥራ ወጣ፣ ተከፈለ። አልወጣም፣ አልተከፈለም። እኔም ወደዚያ ዓይነቱ ሄድኩ። አሁን ሰው የሚከፍለኝ ለማንበብ ብሎ አይደለም፤ ማንበቡ ነፃ ነው። የሚቀጥለውን እንድሠራ ጊዜ እየገዛልኝ ነው።

ገቢዬ በሲሶ ወረደ። አልዋሻችሁም፣ ከዚህ ብቻ አልኖርም። የቤት ኪራዬን የሚከፍለው ጽሑፉ ራሱ ሳይሆን ጽሑፉ የሚያመጣው ሥራ ነው። አንድ ሰው አንብቦ «እንዲህ ዓይነት ነገር ለእኛም አጣራልን» ብሎ ይደውላል። የሳምንቴ ግማሽ ለእሱ ነው።

ለዚያ «ገንዘቡ እየተቆረጠ ነው» ላለኝ ሰውዬ የአምስት ሳምንቱን መለስኩለት። «አልጠየቅኩህም እኮ፣ የፈራሁት ታመህ እንዳይሆን ነው» አለኝ። አሁንም አለ፤ ሥራ ሲወጣ ይከፍላል።

በዚህ ወር ምንም አላወጣሁም። ስልኬም አልጮኸም። 300 ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ተከፍቶ ፊቴ ተቀምጧል፣ 212ኛው ላይ ነኝ። ራስጌውን አሁን ሁለት ጊዜ ነው የማነበው። በሉ፣ ማይኩን ላጥፋና ልመለስበት።